ጨረቃ የተጠበቀችበት ቅዳሜ

ያንን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ አፌ ነው። ብፈልግ በሌላ ላላክክ እችል ነበር፤ በጉሙ፣ በተራራው፣ ምሳዬን ይዞ በበረረው ቁራ። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ የተጀመረው ከእኔ ጉራ ነው።

ሾፌር ነኝ። ከደባርቅ ቱሪስት እየጫንኩ ስሜን ተራራ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ሞባይል ከተማችን ገብቶ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰፈሩ እስኪሰማ በሚጮህበት ሰሞን ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። አንድ ሐሙስ ስልኬ ጠራ።

«አንቺ ሾፌሯ ነሽ?» አለኝ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ።

ጢሜን ዳበስ አደረግኩና «ነኝ» አልኩ። ምን ልበል?

ደዋዩ ዶክተር አሾክ ይባላል። ጎንደር ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር የህንድ ሰው ነው። አማርኛ የለመደው ቤቱን ከምትይዝለት ሴት ነውና፣ እሷን በሚጠራበት አጠራር ዓለምን በሙሉ ሴት አድርጓታል። አለቃውን፣ የኮሌጁን ዲን እንኳ «አንቺ» ነው የሚለው አሉ።

«እናቴ ከህንድ መጥታለች» አለኝ። «ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ማየት አለባት። ጎንደር ሰሞኑን ማታ ማታ ደመና ነው። ከደመና በላይ የሆነች ቦታ ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ወይም «የሰማይ ነገር አይታወቅም» ብል ምን ነበረበት?

«ከደመና በላይ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ዶክተር፣ እኛ ጋ ደመና እግር ስር ነው የሚነጠፈው! ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ላውጣዎት። ከዚያ ጨረቃን ማየት ብቻ አይደለም፣ ከፈለጉ ሰላም ብለዋት ይመለሳሉ!»

እንዲህ ብዬ ቃል ገባሁ። ጨረቃ የእኔ የአጎት ልጅ ይመስል።

ዓርብ ማታ እናትና ልጅ ደባርቅ ገቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዬን አጥቤ ሆቴሉ ግቢ ቆምኩ። አጠገቤ አያ ሞገስ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። የፓርኩ ስካውት ናቸው፤ ያለ ስካውት ተራራ አይወጣም። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም ቀስ ብለው፣ ቃሉን አጣጥመው ነው።

የዶክተሩ እናት እማማ ካማላ ወጡ። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም። ቀይ የሙሽራ የመሰለ ልብስ ለብሰዋል፤ ከላዩ የልጃቸውን ወፍራም ሹራብ ደርበዋል፤ እግራቸው ላይ የወንድ ካልሲ ከነጠላ ጫማ ጋር። እጃቸው እስከ አንጓቸው በእንሶስላ አጊጧል። አሮጊት ሙሽራ አይቼ አላውቅምና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉልኝ፤ እኔም ከመሪው ጋር ግንባሬን እስካጋጭ ድረስ ጎንበስ አልኩ።

ዕቃ ተጫነ። ሞተር አስነሳሁ። ይሄኔ እማማ ከቦርሳቸው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡና አዩ፤ ከዚያ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

«አሁን መጥፎ ሰዓት ገብታለች» አለ ዶክተር አሾክ አንገቱን ደፍቶ። «እስክትወጣ አንሄድም።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ዶክተሩ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። ራሁ የሚባል ጭንቅላት ብቻ የሆነ ፍጡር አለ አሉ፤ ፀሐይንና ጨረቃን አሳዶ የሚውጥ። አካል ስለሌለው የዋጠው በአንገቱ ይወጣል፤ ግርዶሽ ማለት እሱ ነው። ይሄ ራሁ በየቀኑ የራሱ ድርሻ ሰዓት አለው። ከጀንበር መውጫ እስከ መግቢያ ያለው ጊዜ በስምንት ይከፈልና አንዷ ክፍል ለእሱ ትሰጣለች። የሰኞዋ ማለዳ ናት፣ የእሑዷ ወደ ማታ። የቅዳሜዋ ደግሞ በዕድሌ እኔ ሞተር ካስነሳሁባት ደቂቃ ጀምሮ። በዚያች ሰዓት መንገድ አይጀመርም፣ ቤት አይገባም፣ ሙሽራ አይወጣም።

«እርስዎ ያምናሉ?» አልኩት።

«እኔ? አላምንም» አለና ወደ እናቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ግን እሷን አምናለሁ።»

አያ ሞገስ ከመኪናው ሳይወርዱ «ልክ ናቸው» አሉ። «ሰዓትም እንደ ሰው ነው፤ ክፉም ደግም አለው።»

እንግዲህ ሥራ የፈታ ሾፌር ጥያቄ ይበዛበታል። መጽሐፏን አሳዩኝ አልኩ። ጉንዳን የተራመደባት የመሰለች፣ በቁጥር የተጨናነቀች ነገር ናት። ስሟ «አምስት አካል» ማለት ነው አለኝ። ለእያንዳንዱ ዕለት አምስት ነገር ትናገራለች፦ የሳምንቱን ቀን፣ የጨረቃን ቀን፣ ጨረቃ ያደረችበትን የኮከብ ቤት፤ ሁለቱን ደግሞ ነግሮኝ ነበር፣ ጭንቅላቴ ሞልቶ ፈሰሱ። የጨረቃ ቀን የሚባለው ግን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በሰዓት አይገዛም። ጨረቃ ስትፈጥን ያጥራል፣ ስትዘገይ ይረዝማል። ቀትር ላይ ሊጀምር ይችላል፤ ሌሊት ላይም ሊያልቅ። ጀንበር ስትወጣ የደረሰችበት የጨረቃ ቀን ለዚያ ዕለት ስሙን ይሰጠዋል። አንዳንዱ ምስኪን ቀን ደግሞ በሁለት ጀንበር መሃል ተወልዶ መሃል ላይ ስለሚሞት ሳይጠራ ይዘለላል።

«ቀን ይዘለላል?» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። የቀበሌ ስብሰባ ያለበት ቀን ቢዘለልልኝ አስቡት!

«ወርም ይጨመራል» አለኝ። ጨረቃና ፀሐይ ሲራራቁ በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ሙሉ ወር ያስገቡና ያስታርቋቸዋል። እኛ በአምስት ቀን ጳጉሜ እንንጫጫለን።

እማማ የምንነጋገረውን ጠየቁ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቴን አይተው ለልጃቸው አንድ ነገር አሉት። እሱም የእኛን አቆጣጠር ነገራቸው፤ ጀንበር ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን «አንድ ሰዓት» እንደምንል። እማማ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ምን አሉ?»

«"ይሄው! ጀንበር ሳትወጣ ቀን ጀመረ የማይሉ ሰዎች አገኘሁ" ትላለች። እኔ ግን ይቺን ሰዓት ለመልመድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ስንት ጊዜ ክፍል ገብቼ ተማሪ አጣሁ።»

ራሁ ድርሻውን ጨርሶ ሲሄድ እኛም ሄድን። ጨነቅ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። «አላልኩም?» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እዞራለሁ። እማማ ገደሉን፣ ጭላዳውን፣ ዋሊያውን አዩ፤ ግን ውሃ እንኳን አልቀመሱም። በአገራቸው ባለትዳር ሴቶች ለባሎቻቸው ዕድሜ የሚጾሙት ጾም ያን ቀን ነው፤ ከንጋት በፊት የጀመረ፣ ጨረቃ ወጥታ በዓይን እስክትታይ እህልም ውሃም የሌለበት።

ጾመኛ ፊት መብላት ነውር ነው። ዳቦዬን ይዤ ከቋጥኝ ጀርባ ተደበቅኩ። የጨነቅን ቁራ የማያውቅ ሰው እንደሌላው አገር ቁራ ይመስለዋል። ዶሮ ያክላል፤ ምንቃሩ ጉጠት ነው። አንዴ ዞር ብዬ ሰው አለመኖሩን ሳጣራ ዳቦው ከእጄ ተነሳ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ እሱ ክንፍ አለው፣ እኔ የለኝም። ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ ምሳዬ ወደ ቆላው ሲወርድ አየሁት። እንዲህ ሆኜ ሳልወድ ጾመኛ ሆንኩ።

ወደ ማታ ገደማ እማማ ቦርሳቸውን ሲበረብሩ ቆዩና ደነገጡ። ወንፊታቸውን ጎንደር ረስተውታል። ለካ ጨረቃን የሚያዩት በወንፊት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በዚያው ወንፊት የባላቸውን ፊት ያያሉ። ካምፑ ወጥ ቤት ሮጬ አንድ ነገር ይዤ መጣሁ። የሻይ ማጥለያ። እማማ ማጥለያዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ማጥለያዋን አዩ። መልሼ ወሰድኳት።

ከወጥ ቤት ስመለስ ጉሙ መጣ። ከገደሉ ስር እንደ ፈላ ወተት ተነሳና ካምፑን፣ ዛፉን፣ በመጨረሻም የራሴን ጫማ ዋጠብኝ። በጥቅምት! እግር ስር ይነጠፋል ያልኩት ደመና አናቴ ላይ ተቀመጠ። ልቀልድ ብዬ ዶክተሩን «ራሁ ተከትሎን መጣ እንዴ?» አልኩት። አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ራቅ አደረገኝ።

«አባቴ ታማለች» አለኝ። «ልቧ ነው። እናቴ እዚህ ከመጣች በኋላ ነው የታመመችው። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች። እናቴ የምትሄድበት አውሮፕላን ማክሰኞ ናት። ገባሽ?»

ገባኝ። «ታማለች» ሲል ልስቅ ቀርቶ፣ በራሁ የቀለድኩት ቆጨኝ። እኔ የሽርሽር መንገደኛ የጫንኩ መስሎኝ ነበር። እኚያ ትንሽ ሴትዮ የባላቸውን ዕድሜ ይዘው ከተራራው ጋር ሊደራደሩ መጥተዋል፤ ጨረቃ ትወጣለች ብሎ ዋስ የሆነው ደግሞ እኔ ነኝ።

ተመልሰን እሳት ዳር ስንቀመጥ አያ ሞገስና እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጣት ይቆጥራሉ። አያ ሞገስ በልጅነታቸው ከተራራው ማዶ፣ መካነ ብርሃን፣ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምታወጣበትን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ጥቂት ቀምሰዋል። እማማ በአውራ ጣታቸው የእያንዳንዱን ጣት አንጓ እየነኩ ይሄዳሉ። ጨረቃ እስክትሞላ ያለውን የብርሃን ወገን ይሉታል፤ አሥራ አምስት። ከሞላች በኋላ ያለው የጨለማ ወገን ነው፤ ዛሬ አራተኛው። አያ ሞገስም በራሳቸው አንጓ የመስከረሙን፣ አበቅቴ የሚባለውን የጨረቃ ቁጥር እያሉ ቆጥረው «ጨረቃ ከተወለደች ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ሌሊቷ ነው» አሉ። ዶክተሩ ይህን ሲተረጉምላቸው እማማ አራቱን ጣታቸውን በአሥራ አምስቱ ላይ ደምረው አሳዩዋቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩ። አንድ ቃል የማይግባቡ፣ ባሕር የለያቸው ሰዎች ጣታቸው ላይ አንድ ዓይነት ጨረቃ ይዘው ተገኙ። የሒሳብ መምህሩም የራሱን ጣት ቆጠረ። እኔም የእኔን።

ጀንበር ስትገባ ዶክተሩ ኔትወርክ ከምትገኝባት ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ህንድ ደወለ። ሮጦ መጣ። የእናቱ እህት ጨረቃን አይታ፣ ጾሟን ፈትታ፣ በልታለች። እዚያ ከእኛ ቀድሞ ይመሻል።

«እማ፣ ጨረቃ ወጥታለች! እዚያ አባባ ባለበት አገር ወጥታለች። ይበቃል፤ ጠጪ!» አላቸው፤ ቋንቋውን ባልሰማም ልመናው ገባኝ። እማማ ከንፈራቸው ደርቋል። ቀስ ብለው መለሱለት፤ እሱም አንገቱን ሰብሮ ተረጎመልኝ።

«"እህቴ በዓይኗ አየች፤ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም። መጽሐፉ ቀኑን ይነግረኛል፣ ጨረቃን ማየት የእኔ ነው" ትላለች።»

ብንጠብቅም ጉሙ አልተነሳም። ቢነሳስ? ሌላው ጉድ ያኔ ነው የታየኝ። ጨረቃ የምትወጣው በምሥራቅ ነው፤ ከጨነቅ በስተምሥራቅ ያለው ቧሂት ነው፤ ቧሂት ደግሞ ሰማይ የሚያህል ግድግዳ ነው። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ተራራ ጨረቃን እንደሚጋርድ ያወቅኩት ያን ምሽት ነው!

አያ ሞገስ ተነስተው ጠመንጃቸውን አነገቱ። «መንገዱ ቧሂትን አልፎ ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል። አናቱ ላይ እንውጣ። ጉም እዚያ ድረስ መውጣት ይሰንፋል።»

«በዚህ ሁኔታዋ? ብትወድቅስ?» አለ ዶክተሩ።

«እዚህ እንዲህ ሆነው ቢያድሩስ?» አሉ አያ ሞገስ።

ነዳሁ። የመኪናው መብራት ከጉሙ ጋር ተጋጭቶ ፊቴ ላይ ይመለሳል። አያ ሞገስ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... ቁም! በል ሂድ» ይሉኛል። እማማ ከኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ያጉተመትማሉ። እኔም የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ በየተራ ጠራሁ። አናቱ ሊደረስ ሲል ጉሙ እንደ መጋረጃ ተቀደደና ከዋክብት ወጡብን። ወጡብን ነው የምለው፤ ዘለው የወረዱ ነው የሚመስሉት። «ደረስን!» ብዬ ከመጮሄ መንገዱን የዘጋ አይሱዙ ታየኝ።

ደባርቅ ገበያ ውለው ወደ መካነ ብርሃን የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። መኪናቸው አናቱ ላይ ሞታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጎኗ ተደርድረዋል። ቀይ የለበሱ አሮጊት ከጨለማ ሲወጡባቸው ግማሾቹ አማተቡ።

አያ ሞገስ ከእኔ የሰሙትን በአጭሩ አስረዱ፦ ባላቸው ታሞባቸዋል፤ ለሱ ጾመዋል፤ ጨረቃ ሳያዩ አይቀምሱም፤ ወንፊትም ቸግሯቸዋል።

«ወንፊት?» አለች እናኑ የምትባል ቆፍጣና ሴት። «ጨረቃን ሊነፉ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ከሳቁ መሃል ዕቃዋን ፈትታ ያን ዕለት የገዛችውን አዲስ ወንፊት አወጣች። በሁለት እጇ ለእማማ ሰጠች። «ዱቄት ገና አልነካውም» አለች፤ «ጨረቃ ትመርቀው።»

ወደ ባላቸው ለመደወል ስልክ የሚሠራው አይሱዙው ጭነት ላይ ብቻ መሆኑን የመኪናው ረዳት ነገረን። እንግዲህ እማማ ካማላን ተሸክመን የጨው ጆንያው ላይ አወጣናቸው። ዶክተሩ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አጠገባቸው ቆመ፤ አያ ሞገስ በአንድ በኩል ደገፏቸው። ሌላው ሁሉ ከታች ቆሞ ወደ ምሥራቅ አፈጠጠ። የራስ ደጀን ጫፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በእሱና በእኛ መሃል ያለው ሸለቆ በጉም ተሞልቷል።

መጀመሪያ የተራራው ጠርዝ ገረጣ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ... እኔ ያን ጎዳና ስንቴ እንደሄድኩበት አላውቅም፤ ጨረቃም ስትወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ ብዬ ነበር የማስበው። አይቼ አላውቅም ነበር። በአንድ ጎኗ ጥቂት የጎደለች፣ የእሳት ፍም የመሰለች፣ ግዙፍ ሆና ከደጀን ትከሻ ላይ ተነሳች። ጉሙ ከእግራችን ስር እስከ አድማስ ድረስ ነጭ ባሕር ሆነ። ከኋላዬ የነበረው ሰው ኮፍያውን ሲያወልቅ ሰማሁ። እናኑ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት።

እማማ ወንፊቱን አንስተው ጨረቃን አዩ። ከዚያ ከጉያቸው ትንሽ ፎቶ አውጥተው በዚያው ወንፊት የባላቸውን ፊት አዩ። ብዙ ቆዩ። ስልኩ ተሳክቶ ነበር። እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ሽማግሌው ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይተኙ ይጠብቁ ነበር። የደከመ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል ይሆናል። ልጃቸው እያለቀሰ የአያ ሞገስን ኮዳ አቀበላቸውና ጠጡ። ውሃው ሲወርድ የጉሮሯቸው ድምፅ ከታች ላለነው ይሰማን ነበር።

ከዚያ ጣፋጭ ከቦርሳቸው አወጡ። ልጃቸው ስለ ቁራው ሳይነግራቸው አልቀረም፤ የመጀመሪያዋን እኔን ጠርተው አጎረሱኝ። ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የአይሱዙው ሾፌር ጉሮሮውን ጠራረገ። «እስቲ ዶክተር፣ መጽሐፏ የእኔ መኪና መቼ እንደምትነሳ ትላለች?»

እማማ በጨረቃዋ ብርሃን ገልጠው አዩና፣ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አሁን ጥሩ ሰዓት ነች፤ ግፉ!» ብሎ ተረጎመ ልጃቸው። ገፋን። አይሱዙዋ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ አስነጠሰች፣ ተነሳች! ቁልቁለቱ ይሁን መጽሐፏ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ሾፌሩ ግን መጽሐፏን ካልሰጣችሁኝ ብሎ በግድ ነው የሄደልን። እናኑ ወንፊቷን ይዛ እልል እያለች ቁልቁል ወረደች።

የእማማ ባል ተርፈዋል። ኅዳር ላይ ዶክተሩ ደውሎ «አባቴ ቤቷ ገባች! በእግሯ ትሄዳለች!» ሲለኝ ደባርቅ መናኸሪያ መሃል ዘለልኩ። ይህን ያልኩት እንዳትጨነቁ ነው እንጂ ልነግራችሁ የፈለግኩት የመጨረሻ ነገር ሌላ ነው።

ያን ሌሊት ጨነቅ አደርን፤ እሑድ ቀትር ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አስካል ምሳ አቀረበች። እኔም ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን እያወናጨፍኩ አወራሁላት፤ ጨረቃዋን፣ ወንፊቱን፣ ያንን ሁሉ ሰው። «አየሽ አስካል» አልኩ በመጨረሻ፣ «ለባሏ እህል ውሃ ሳትቀምስ የምትውል ሴት! እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።»

አስካል እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

«አንተ ሽቅብ በሄድክ ቁጥር» አለች፣ ስለ አየር ሁኔታ የምታወራ ይመስል፣ «የመኪናህን ድምፅ እስክሰማ እኔ መቼ እህል ቀምሼ አውቃለሁ?»

እጄ አየር ላይ ቀረ። «ትናንትስ?» አልኩ።

«ትናንትማ አልመጣህም።»

ቁጭ ብዬ አየኋት። ስንት ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሴት ናት። የተራራው ጨረቃ እንኳን እንደዚያ አላፈዘዘችኝም።

«ምን ያፈጥሃል?» አለችኝ ጠቅልላ እያጎረሰችኝ። «ብላ እንጂ፣ እኔም ልብላ። ርቦኛል።»